ሳምቡሳ ጠብሶ ለካፌ ማስረከብ፦ ከአንድ ኪሎ ዱቄት 80 ፍሬ

ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ይጮሃል። ልጆቹ እንዳይነቁ ቶሎ አጠፋዋለሁ። ሲሊንደሩን ከፍቼ መጀመሪያ ሻይ፣ ቀጥሎ ዘይቱን እጥዳለሁ። ማታ ጠቅልዬ ፍሪጅ ያሳደርኩት 160 ሳምቡሳ 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ተጠብሶ፣ ዘይቱ ተንጠፍጥፎ፣ ካርቶን ውስጥ ተደርድሮ መውጣት አለበት። ካፌዎቹ ቁርስ መሸጥ የሚጀምሩት 1 ሰዓት ሳይሞላ ነው።

አዲስ አበባ፣ ሳሪስ አካባቢ ነው የምኖረው። ለአራት ካፌዎች፣ ለሁለት ሱቆችና ለአንድ መሥሪያ ቤት ሻይ ክበብ ማስረከብ ከጀመርኩ 7 ዓመት ሆነኝ። ሰሞኑን የጎረቤቴ ልጅ መጥታ “እትዬ፣ እኔም ልጀምር ነው፤ ከየት ልነሳ?” አለችኝ። አንድ ከሰዓት ሙሉ ቁጭ ብለን አወራን። የነገርኳትን ነው እዚህ የጻፍኩት።

መጀመሪያ የጠየቅኳት “የምን ሳምቡሳ ልትሸጪ ነው?” ብዬ ነው። እኔ የምሸጠው የምስር ብቻ ነው። ብዙ ሰው “ሥጋስ ለምን አትጨምሪም?” ይለኛል። የሥጋ ሳምቡሳ ግሩም ነገር ነው። አማቴ ድሬዳዋ ነው ያደጉት፤ እሳቸው የሚሠሩትን የቀመሰ ሰው ጣዕሙን አይረሳውም። ለንግድ ግን ሌላ ሐሳብ ይመጣል። አገራችን ውስጥ አብዛኛው ክርስቲያን የክርስቲያን፣ ሙስሊሙ ደግሞ የሙስሊም እርድ ነው የሚበላው። ካፌ ውስጥ አንድ ትሪ የሥጋ ሳምቡሳ ከተቀመጠ የመጀመሪያው ጥያቄ “ሥጋው የማን ነው?” የሚል ነው። ከደንበኛው ገሚሱ እዚያው ላይ ይመለሳል። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ጾመኛው አይነካውም። የምስሩን ሁሉም ይበላዋል፤ በጾምም በፍስክም።

ይህን ስትወስኑ ግን እስከ መጨረሻው ወስኑ። ሥጋ የተጠበሰበት ዘይት ለጾመኛ አይሆንም። ድስቱም፣ ማውጫ ጭልፋውም እንደዚያው። ሊጥ ውስጥ እንቁላል ወይም ቅቤ ጠብ አይበል። እኔ የሳምቡሳ ዕቃዬን ለብቻው መደርደሪያ ላይ ነው የማስቀምጠው፤ ለቤተሰብ ወጥ እንኳ አይነካም። ደንበኛ ወጥ ቤታችሁን አያይም። ጾሜን አልፈታም ብሎ የሚጎርሰው እናንተን አምኖ ነው። ሌላው ሁሉ ቢጎድል ይሄ እንዳይጎድል።

ምስሩ

ምስር የምገዛው እህል በረንዳ ሄጄ ነው። ከሰፈር ሱቅ በኪሎ መግዛት ለጀማሪ ይቀላል፤ ግን ዛሬ የገዛችሁት አዲስ፣ ነገ የገዛችሁት የከረመ ሊሆን ይችላል። የከረመ ምስር ቶሎ አይበስልም። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ግማሹ ፈርሶ ግማሹ ጥሬ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ከአንድ ጆንያ፣ ቢያንስ የአንድ ወር ውሰዱ። ድፍን ምስር ይሁን፤ ክክ አይሆንም፣ ሲበስል ገንፎ ይሆናል። ፍሬው ትንንሽና እኩል የሆነውን ምረጡ። እኔ የጨፌ ዶንሳ አካባቢ ምስር ሲገኝ ደስ ይለኛል፤ ሲቀቀል ቅርጹን ይይዛል።

አሁን ስለ ጠጠር ልንገራችሁ። በጀመርኩ በሦስተኛው ወር የአንዱ ካፌ ባለቤት ደወለና “ነይ እስኪ” አለኝ። ድምፁን ስሰማ ሆዴ ፈራ። ስደርስ አንድ አዛውንት ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ሶፍት ገለጥ አድርገው አሳዩኝ። የምስር ፍሬ የምታክል ጠጠር ናት፤ ቀለሟም ምስር ነው። “ልጄ፣ የኔ ጥርስ ደህና ነው” አሉኝ። “ነገ ግን የሌላ ሰው ይሰበራል።” አልተቆጡም። ጠጠሯን ከነሶፍቷ ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ምስር በማታ መብራት አልለቅምም። ቀን፣ በር ላይ፣ ነጭ ትሪ ዘርግቼ ነው። አንድ እፍኝ ብቻ በትኜ፣ ፍሬ በፍሬ እያየሁ ወደ አንድ ጎን እገፋዋለሁ። እፍኝ ሲበዛ ዓይን ይሰንፋል። ሲያልቅ በሰፌድ አንገዋልለዋለሁ። በመጨረሻ ሲታጠብ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ በብዙ ውኃ እያሽከረከርኩ ምስሩን ከላይ ከላይ ወደ ሌላ ዕቃ አስተላልፋለሁ። ድንጋይ ከባድ ስለሆነ ከታች ይቀራል። የመጨረሻዋን እፍኝ በጣቴ ዳብሼ ነው የማልፈው፤ ያመለጠ ጠጠር ካለ እዚያ ውስጥ ነው የሚገኘው። ሠራተኛ ብትቀጥሩም ይህቺን የመጨረሻ እፍኝ ራሳችሁ ዳብሱ።

1 ኪሎ ምስር 1 ሰዓት በውኃ ይነከር። ከዚያ በብዙ ውኃ፣ ያለ ጨው፣ መካከለኛ እሳት ላይ ይቀቀል። ከ15 ደቂቃ በኋላ አንድ ፍሬ አውጥታችሁ በሁለት ጣት ጫን በሉት። ልፍጥ ካለ፣ ግን ልጣጩ ካልተገፈፈ በቅቶታል። ወዲያው አጥልሉትና ትሪ ላይ ዘርጉት። ድስት ውስጥ ክምር ብሎ ከቆየ በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል። በሙቀት ወራት ደግሞ ቶሎ ይሆመጥጣል። በ2 ሰዓት ውስጥ ቀዝቅዞ ፍሪጅ መግባት አለበት።

ለዚህ ምስር 700 ግራም ቀይ ሽንኩርት ደቀቅ አድርጌ እከትፋለሁ። 30 ግራም ነጭ ሽንኩርት፣ ያንኑ ያህል ዝንጅብል፣ 10 ቃሪያ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ። ሽንኩርቱን በግማሽ ሲኒ ዘይት፣ ጠንከር ባለ እሳት ላይ እያማሰልኩ ውኃው እስኪተን አቁላላዋለሁ። ዝንጅብሉና ነጭ ሽንኩርቱ ይከተላል። ምስሩን ከጨመርኩ በኋላ እሳቱን አጥፍቼ ቃሪያውን በጥሬው እበትናለሁ። ቃሪያው ሳምቡሳው ውስጥ ሆኖ ሲሞቅ የሚሰጠው ሽታ ሌላ ነው። ጨው 25 ግራም፣ የመጨረሻ መጨረሻ ላይ። ጨው ቀድሞ ከገባ ሽንኩርቱ ውኃውን ይለቃል፤ ውኃ ደግሞ የሳምቡሳ ጠላት ነው።

ይሄን የተማርኩት በአንድ የስብሰባ ትዕዛዝ ነው። 100 ፍሬ ታዘዝኩ፤ ቸኩዬ ነበርና ሙሌቱን ገና እየተነነ ጠቀለልኩት። እንፋሎቱ ቂጣውን ከውስጥ አራሰው። ዘይት ውስጥ ሲገባ ከ100ው ወደ 30 የሚሆነው አፉን ከፈተ። ምስሩ ዘይቱ ውስጥ ተበተነ፣ አረረ፣ የቀረውንም አጠቆረው። ዘይት ቀይሬ፣ እንደገና ጠቅልዬ፣ አርፍጄ አደረስኩ። አሁን አንድ መመዘኛ አለኝ። ሙሌቱን እጨብጥና እጄን እከፍታለሁ። መዳፌ በዘይት ካብለጨለጨ ደግ ነው። በጣቶቼ መሀል ጠብታ ውኃ ካየሁ ተመልሶ እሳት ላይ ይወጣል።

ሊጡ

1 ኪሎ ፉርኖ ዱቄት፣ 15 ግራም ጨው፣ 60 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ ግማሽ ሊትር ለብ ያለ ውኃ። እርሾ የለውም። ዘይቱን መጀመሪያ ከዱቄቱ ጋር በመዳፍ አሹት። ውኃውን ሁሉንም አንዴ አትድፉ፤ ዱቄት ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል፣ አንዳንዱ 2 ማንኪያ ተጨማሪ ይፈልጋል። 10 ደቂቃ ጠንከር አድርጋችሁ እሹት። ከዚያ ሸፍናችሁ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት አሳርፉት። ያላረፈ ሊጥ ስትዳምጡት ወደ ኋላ ይሰበሰባል፤ ትከሻችሁን ብቻ ነው የሚጎዳው።

1 ኪሎ 600 ግራም አካባቢ ሊጥ ይወጣል። 40 ግራም እየመዘናችሁ 40 ድቡልቡል አድርጉ። እዚህ ጋ ነው ሚዛን የሚያስፈልገው። በዓይን ስቆርስ አንዱ 35፣ አንዱ 50 ይሆንብኝ ነበር። ደንበኛ ትልቁን ከወሰደው ሰው ጎን ቁጭ ብሎ ትንሹን ሲበላ ቅር ይለዋል። የመጀመሪያ ዕቁብ ሲደርሰኝ ፍሪጅ ገዛሁ። ሚዛኗን ግን ከዚያ በፊት፣ ከመጀመሪያው ወር ትርፍ ላይ ነው የገዛኋት። እስካሁን ከገዛሁት ዕቃ ሁሉ እንደሷ የጠቀመኝ የለም።

ሁለቱን ድቡልቡል በእጃችሁ ጠፍጠፍ አድርጉ። የአንዱን ፊት ዘይት ቀብታችሁ ዱቄት ነስንሱበትና ሌላውን ከላይ ደርቡ። ሁለቱን አንድ ላይ በመዳመጫ 18 ሴንቲ ሜትር እስኪሰፋ ዳምጡት። ከዚያ ደረቅ የጋለ መጥበሻ ላይ፣ በእያንዳንዱ ፊት ከ10 እስከ 15 ሴኮንድ። ቀለም እንዳይዝ። ነጭ ነጭ እንዳለ፣ ትንሽ ሲያባብጥ አውጡና ገና ሳይቀዘቅዝ ሁለቱን አላቅቁ። አንዱ ከአንዱ እንደ ወረቀት ይላቀቃል። ሁለት ስስ ቂጣ አላችሁ። ለሁለት ሲቆረጥ እያንዳንዱ ሁለት ግማሽ ክብ ይሆናል። 40 ቂጣ፣ 80 ግማሽ። በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑት፤ ንፋስ ከነካው ሲታጠፍ ይሰነጠቃል።

ይህን የመጥበሻ ደረጃ ዘለው በጥሬ ሊጥ የሚጠቀልሉ አሉ። ይቻላል። ግን ላዩ በፊኛ በፊኛ ይሆናል፣ 2 ሰዓት ሳይቆይም ይለሰልሳል። ለካፌ የሚሸጥ ሳምቡሳ ጠዋት 1 ሰዓት ተቀምጦ 4 ሰዓት ላይም ሲነከስ ድምፅ ማሰማት አለበት።

አጠቃለሉን ቀስ ብዬ ልንገራችሁ። ሦስት ማንኪያ ዱቄት በውኃ በጥብጣችሁ እርጎ የመሰለ ማጣበቂያ አዘጋጁ። ግማሽ ክቡን ግራ መዳፋችሁ ላይ አስቀምጡ፤ ቀጥ ያለው ጠርዝ ወደ ጣቶቻችሁ፣ ክቡ ወደ እናንተ። የቀኙን ሲሶ ወደ መሀል እጠፉ። ጠርዙን ማጣበቂያ ቀቡ። የግራውን ሲሶ በላዩ ላይ እጠፉና ተጫኑት። አሁን መንገድ ላይ ለውዝ የሚሸጥባትን የወረቀት ጥቅል የመሰለ ነገር ይዛችኋል። አዙራችሁ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል አቁሙት። 30 ግራም ሙሌት ጨምሩ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሙሉ ከነቁልሉ ማለት ነው። አትጠቅጥቁት። ከላይ አንድ ጣት ክፍት ትታችሁ፣ አፉን ቀብታችሁ ድፈኑ። ሰው ብዙ ጊዜ የሚረሳው የታችኛዋን ሹል ጫፍ ነው። እዚያ ጋ መርፌ የምታስገባ ቀዳዳ ትቀራለች። አማቴ አጠገቤ ቆመው “ጫፏን ካላነቅሻት ዘይቱን ትጠጣብሻለች” ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው። ጫፏን ቆንጠጥ አድርጉ፣ በማጣበቂያ ንኩ፣ ወደ አንድ ጎን ጎንበስ አድርጓት።

ጀማሪ በሰዓት 25 ቢጠቀልል ጎበዝ ነው። እኔ አሁን 80 ለመጠቅለል 1 ሰዓት ተኩል ይፈጅብኛል። አትቸኩሉ፤ እጅ ራሱ ይለምዳል።

የተጠቀለለው በተርታ፣ በመሀሉ ንጹሕ ጨርቅ ወይም ወረቀት እየገባ፣ ፍሪጅ ውስጥ ያድራል። ፍሪዘር ካላችሁ ጥሬውን አቀዝቅዛችሁ ማቆየትም ይቻላል። የቀዘቀዘውን ግን ውጭ አታሟሙት፤ ይረጥባል። እንዳለ፣ እሳቱን ትንሽ ቀነስ አድርጋችሁ ጥበሱት።

ዘይቱ

ትክክለኛው ሙቀት ከ170 እስከ 180 ዲግሪ ነው። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ የሊጥ ቁራጭ ጣሉ። ወደ ታች ሰምጦ፣ 2 ወይም 3 ሴኮንድ ቆይቶ፣ በትንንሽ አረፋ ተከቦ ከወጣ ደርሷል። እዚያው ከታች ከቀረ አልጋለም። ወዲያው ከላይ ከጠቆረ አልፏል። ያልጋለ ዘይት ሳምቡሳው ውስጥ ይገባል፤ ደንበኛው ሶፍቱ ሲረጥብ ያየዋል፣ እናንተም ዘይቱን በነጻ እየሰጣችሁ ነው። ከልክ በላይ የጋለው ደግሞ ላዩን አቃጥሎ ውስጡን ቀዝቃዛ ይተወዋል።

በ3 ሊትር ዘይት በአንዴ 10 ፍሬ ብቻ። ሲበዛ ሙቀቱ ይወርዳል። የመጀመሪያውን ደቂቃ አትንኩት። ከዚያ እያገላበጣችሁ ከ4 እስከ 5 ደቂቃ። ሲወጣ ትሪ ላይ አታስተኙት። እኔ የሽቦ ማጥለያ ላይ ሹል ጫፉን ወደ ላይ አድርጌ አቆመዋለሁ። ዘይቱ በአፉ በኩል ይወርዳል፣ እንፋሎቱም ታፍኖ አያለሰልሰውም።

ያንኑ ዘይት ሦስት ጠዋት ነው የምጠቀምበት። ሲበርድ በንጹሕ ጨርቅ አጠልለዋለሁ፤ የወደቀ የሊጥ ፍርፋሪ ቶሎ የሚያበላሸው እሱ ነው። ከጠቆረ፣ አረፋው አልወርድም ካለ፣ ሳይግል ከጨሰ፣ ቀኑን ሳትቆጥሩ ድፉት። በአሮጌው ላይ አዲስ መጨመር ቁጠባ ይመስላል፤ አሮጌው አዲሱንም ያበላሸዋል። ቱቦ ውስጥ አትልቀቁት፣ ይደፍነዋል። እኔ በጀሪካን አጠራቅሜ ሳሙና ለምትሠራ ጎረቤት እሰጣለሁ። አንድ ነገር ደግሞ በቃላችሁ ያዙ፦ ዘይት እሳት ከያዘ ውኃ አይደፋበትም። ሲሊንደሩን ዝጉ፣ ክዳን ግጠሙበት። ክዳኑ ሁልጊዜ ከምድጃው ጎን ይቀመጥ።

ሒሳቡ

ብዙ ሴቶች እህቶቼ የሚወድቁት እዚህ ነው። ሳምቡሳቸው ይጣፍጣል፣ ይሸጣል፣ በዓመቱ መጨረሻ ግን እጃቸው ላይ ምንም የለም። ዱቄትና ምስር ብቻ ስለሚቆጥሩ ነው።

ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ የሚከተለውን ለአቆጣጠሩ ብቻ ውሰዱት፤ በራሳችሁ ገበያ ቁጥር ተኩት። ለ80 ፍሬ ዱቄት 100 ብር፣ ምስር 200፣ ሽንኩርት 70፣ ቃሪያና ቅመም 60፣ ዘይት 210፣ ጋዝ 60፣ ወረቀትና ትራንስፖርት 100 እንበል። 800 ብር ሆነ። አሁን ብዙዎቹ የሚዘሉት ይመጣል፤ የራሳችሁ ድካም። ከመልቀም እስከ ማስረከብ 5 ሰዓት ብትሠሩና ሰዓቱን በ60 ብር ብታስቡት 300 ብር ነው። በጠቅላላው 1,100። ከ80ው ደግሞ የተፈታ፣ ያረረ፣ ለቅምሻ የሄደ አለ። 76 ነው የሚሸጠው። 1,100 ለ76 ሲካፈል አንዷ 14 ብር ከ50 ሳንቲም ገደማ ቆመችባችሁ። ለካፌ በ18 ብታስረክቡ 268 ብር ትርፍ አላችሁ፤ የድካማችሁም 300 ተይዟል። በ14 ብትሸጡ ግን እየሠራችሁ ትከስራላችሁ፤ ኪሳችሁ ውስጥ ብር ስለሚገባ ብቻ አይታወቃችሁም።

ዘይቱን እንዴት ልቁጠር ለምትሉ፦ ድስቱን ከነዘይቱ ከመጥበሳችሁ በፊትና በኋላ መዝኑ። ልዩነቱ ሳምቡሳው የወሰደው ነው። በድንገት ከበዛ ወይ እሳታችሁ አንሷል ወይ ጫፏ አልታነቀችም።

ሽንኩርት ሰኔና ሐምሌ ላይ ኪስ ሊያሳምም ይችላል። ብዙ ስትፈልጉ አትክልት ተራ ይሻላል። ከፒያሳ ተነስቶ በ2012 ዓ.ም. ጃንሜዳ፣ ከዚያ ደግሞ ላፍቶ ሃይሌ ጋርመንት አካባቢ ሄዷል። ለኛ ለሳሪሶቹ ቀረበን። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ጆንያ ገዝታችሁ ብትካፈሉ ትራንስፖርቱም ይቀላል።

ከካፌ ጋር

ለመጀመሪያ ጊዜ ካፌ ስትገቡ 9 ሰዓት አካባቢ ሂዱ፤ ጠዋት ማንም ጊዜ የለውም። 6 ትኩስ ፍሬ ይዛችሁ ሂዱ። ለባለቤቱ ብቻ አትስጡ፤ ለአስተናጋጆቹም፣ ሻይ ለምታፈላዋም አቅምሱ። ደንበኛ “ምን አላችሁ?” ሲል የሚመልሱት እነሱ ናቸው።

የማያልቀውን ማን ይከፍላል የሚለውን ከመጀመሪያው ቀን ተነጋገሩ። እኔ ሳልነጋገር ጀመርኩ። አንዱ ካፌ ማክሰኞ የሰጠሁትን 11 ፍሬ ረቡዕ ጠዋት መልሶ “ቀይሪልኝ” አለኝ። ቀየርኩለት። ሐሙስ 14 መለሰ። ችግሩ ምን እንደሆነ የገባኝ ደብተሬን ሳይ ነው፤ 50 ያዛል፣ የሚሸጠው ግን ከ40 አይበልጥም። አሁን ደንቤ ይህ ነው። የመጀመሪያውን ሁለት ሳምንት የተረፈውን በዚያው ቀን ከሰዓት እኔ እወስዳለሁ፣ በየቀኑ ስንት እንደተሸጠ እጽፋለሁ። ከዚያ በኋላ ቁጥሩን እናስተካክላለን፣ ከእንግዲህ ተመላሽ የለም። ሁልጊዜ ከሚሸጡት 3 ወይም 4 አሳንሼ ነው የማስረክበው። አልቆ ሲጠየቅ ነገ ቀድሞ ይመጣል።

ክፍያ በየቀኑ ቢሆን ጥሩ ነው። ቴሌብር ከመጣ ወዲህ “ዝርዝር የለኝም” የሚባለው ቀርቷል። ሳምንታዊ የሚል ካለ ቅዳሜ ይሁን፤ ሁለት ቅዳሜ ካለፈ ማስረከብ አቁሙ። በትሕትና፣ ግን አቁሙ። የዱቄቱ ነጋዴ እናንተን አይጠብቅም።

በፌስታል አትስጡ። ትኩስ ሳምቡሳ ፌስታል ውስጥ በ5 ደቂቃ ያልባል። በዚያ ላይ በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ ጸድቋል። የወረቀት ከረጢት ወይም ክዳኑ ቀዳዳ ያለው ካርቶን ይበቃል። ዳጣ የምትጨምሩ ከሆነ ለብቻው በትንሽ ብልቃጥ።

ወቅቱ

የሳምቡሳ ዓመት እንደ ሌላው ንግድ አይደለም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ዋናው መኸር እሱ ነው። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ፣ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ በየሳምንቱ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ አለ። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው ግን ጾም ሲገባ የጠዋቱን እጥፍ ማድረጉ ነው። እኔም አድርጌዋለሁ። የሚጾመው ሰው ጠዋት አይበላም። ብዙው 9 ሰዓት፣ ቅዳሴ ሲያልቅ ነው የሚፈታው። ስለዚህ በሁዳዴ የጠዋቱን በግማሽ እቀንሳለሁ፣ ዋናውን 8 ሰዓት ተኩል ላይ ትኩሱን አደርሳለሁ።

ረመዳን ደግሞ ማፍጠሪያው ከመድረሱ በፊት ነው የሚፈለገው። 11 ሰዓት ላይ ወረፋ ይጀመራል። በ2017 ሁዳዴ የካቲት 17 ገባ፣ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22። በ5 ቀን ልዩነት ከተማው በሙሉ ጾመ። ጎረቤቴና እህቷ ሁለት ወር ሙሉ አብረውኝ ሠሩ። ከሰዓት 8 ሰዓት ተኩል ለአንዱ፣ 11 ሰዓት ለሌላው። አንድ ዓይነት ምስር፣ አንድ ዓይነት ዘይት። ማታ ደክሞኝ ስተኛ ደስታው ይበልጥብኝ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ያሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ሽያጩ ይወርዳል። ይህን ጊዜ ፍሪጅ ማጽጃ፣ መዳመጫ መቀየሪያ፣ ማረፊያ አድርጉት። ሲወርድ ደንግጣችሁ ዋጋ አትቀንሱ። በሁዳዴ ከተገኘው ላይ ለዚህ ወቅት ያስቀመጣችሁ ካለ ያሳልፋችኋል።

ወረቀቱን በአጭሩ፦ ወረዳችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ለምግብ ዝግጅት የሚያስፈልገውን ጠይቁ፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ንግድ ፈቃድ፣ ምግብ የሚነካ ሰው ሁሉ የጤና ምርመራ ወረቀት። የመሥሪያ ቤት ሻይ ክበብ ያለ ደረሰኝ አይገዛም። ትልልቅ ትዕዛዝ የሚመጣው ደግሞ ከነሱ ነው።

ለጎረቤቴ ልጅ መጀመሪያ የሰጠኋት ሥራ በአንድ ኪሎ ብቻ፣ ሁለት ሳምንት፣ ለአንድ ካፌ የሚል ነው። ትናንት ሌሊት አብራኝ ነበረች። ከመጀመሪያው ጥብስ አንዷን አወጣሁና ለሁለት ገመስኩላት። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የማደርገው። ቂጣው በሦስቱም ጎን አንድ ዓይነት ቀይ መሆኑን፣ ውስጡ ምስሩ ፍሬ ፍሬ ብሎ መቆሙን፣ ጫፏ ላይ የተጠራቀመ ዘይት አለመኖሩን አየን። ጫፏ ላይ ትንሽ ዘይት ነበረ። እሳቱን ከፍ አደረግነውና ሁለተኛውን 10 አስገባን።